ስድስተኛውን ሜዳ የሚጠርጉት ኮች

በዊንስሌት ኮሌጅ ስድስት የቴኒስ ሜዳዎች ነበሩን፤ ስድስቱም የአፈር፣ አረንጓዴ የድንጋይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው። የአፈር ሜዳ ሕግ የትም አንድ ነው፤ የተጫወተበት ይጠርገዋል። ሰፊውን ብሩሽ ከአጥሩ ላይ አውርደህ ከዳር እስከ ዳር እየጎተትክ የእግርህንም የኳስህንም ዱካ ታጠፋለህ፣ መስመሮቹን በትንሿ መጥረጊያ ታጸዳለህ፣ ከዚያ ለተረኛው ትለቃለህ። እኛ ጋ ግን ስድስተኛውን ሜዳ ከኮች በርዴት በቀር ማንም አይጠርገውም ነበር።

ኮች በርዴት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አሠልጥነዋል። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስምንቱን ስድስተኛውን ሜዳ በገዛ እጃቸው ሲጠርጉ ኖሩ። አዲስ ተጫዋች ሳያውቅ ብሩሹን ካነሳ፣ "ተወው አንተ ልጅ! እሱ የኔ ነው!" የሚል ድምፅ ከመኪና ማቆሚያው ድረስ ይደርሰዋል። ልጆቹ ምክንያቱን እንደየምናባቸው ይፈጥሩ ነበር። አንዱ የጋብቻ ቀለበታቸው እዚያ ጠፍቶ ነው ይላል፣ ሌላው ውሻቸው እዚያ ተቀብሮ ነው ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ "እኔ ዋንጫዋን ያመጣሁበት ሜዳ ስለሆነ ነዋ! ለኔ ክብር ነው የሚጠርጉት" እላለሁ። ቀልድ አስመስዬ ነው የምለው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምንበት ነበር።

ዴኒ ፕሩት እባላለሁ። ለኮች በርዴት አራት ዓመት ተጫውቼ፣ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ረዳታቸው ሆኜ፣ ዛሬ ደግሞ በወንበራቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ስጫወት ስድስተኛ ነበርኩ። በነጠላ ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ጎበዙ አንደኛው ሜዳ ላይ፣ ደካማው ስድስተኛው ላይ። ስድስተኛ መሆን በሠርግ ቤት ድስት አጣቢ እንደ መሆን ነው፤ ያለ እሱ ድግሱ አይሆንም፣ ፎቶ የሚያነሳው ግን የለም።

እሳቸው ወደ ዊንስሌት የመጡት በ1979 ነው። ጠዋት አልጀብራ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት ቴኒስ ያሠለጥናሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸሐይ ያከሰለው አንገት ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ያቺን የገለባ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ግንባራቸው እንደ ሌላ ሰው ግንባር ነጭ ነው። ራሳቸው ጥሩ ተጫዋች አልነበሩም፤ ጉልበታቸው ገና በሃያ ዓመታቸው ሄዷል። ግን ሰው ሲጫወት አይተው ምን እንደሚፈራ ያውቃሉ። "አንተ የምትፈራው መሸነፍን አይደለም፣ መሳቂያ መሆንን ነው" ብለውኛል በመጀመሪያው ሳምንት። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴም እንኳ ያን ያህል አላወቀችኝም።

የቡድኑን ሚኒባስ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ነጭ ነበረች፤ ነጭነቷ ግን ከእኛ በፊት አልቋል። መንገድ ዳር የተቀቀለ ለውዝ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ትቆማለች፣ ስለዚህ ወለሏ ሁልጊዜ የለውዝ ቅርፊት ነው። ሬዲዮኗ ከመዝሙርና ከአሳማ ዋጋ ሌላ የሚይዘው ጣቢያ አልነበረውም።

"ኮች፣ ይሄ መስኮት አይከፈትም እኮ!"

"አይከፈትም። ከተገዛ ጀምሮ አልተከፈተም።"

"ሽታው ሊገድለን ነው!"

"ሽታው የእናንተው ነው። ካልሲ ማጠብ ክልክል ነው ያላችሁ አለ?"

በጂምናዚየሙ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጋን አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። የሁላችንንም ራኬት ክር እዚያ ይወጥራሉ። ክሩ ሲሳብ ሲጢጥ የሚለው፣ ካለቀ በኋላ በአውራ ጣታቸው ሲመቱት ድንግ የሚለው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ሆድ የባሰው ልጅ፣ ራኬቱ ባይበጠስም እዚያ ይወርዳል። እሳቸው ምን ሆንክ አይሉም፤ የክሩን ጫፍ ያቀብሉሃል፣ "ያዝልኝ" ይላሉ፣ አለቀ። አባቴ የሞተ ሰሞን አንድ ሳምንት ሙሉ ክር ያዝኩ። ናፈቁኝ ስል ከሁሉ በፊት የሚናፍቀኝ ያቺ ክፍል ናት።

ያሸነፉትን አልቆጥርላችሁም፤ የጂምናዚየሙ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ አሥራ አራት ዋንጫ ነው። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። በየሐምሌው፣ ኮሌጁ ጭር ሲል፣ ለክረምት በቀረው ተጫዋችና በየረዳቱ ደጃፍ አንድ አንድ ሣጥን ኮክ ይቀመጣል። ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ፣ የበሰለ ኮክ። ከየት ያመጡታል ብለን ጠይቀን አናውቅም። የኮች ነዋ፣ ብለን እንበላለን።

ከሁሉ የሚታወቁት ግን በአንድ ነገር ነበር፣ እሱም "ባስ ድረስ መሄድ" ይባላል። በኮሌጅ ቴኒስ፣ በተለይ በኛ ዘመን፣ ዳኛ የሚባል የለም። በአንተ በኩል የወደቀችውን ኳስ ገባች ወጣች የምትለው አንተው ነህ። "ከተጠራጠርክ ኳሷ የሱ ናት" ይሉናል ኮች። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ማንም ብሩሽ ሳያነሳ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስድስቱንም ሜዳ ይዞራሉ። ኳስ አፈር ላይ ስትወድቅ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ምልክት ትተዋለች፤ እሳቸው ያንን ያነባሉ። ወጣች ያልካት ኳስ ገብታ ከተገኘች ጉድህ ፈላ። ውጤቱ አይቀየርም፤ እጅ ተጨባብጣችኋል። አንተ ግን ተቃራኒው ቡድን ባስ ድረስ በእግርህ ትሄዳለህ፣ የዚያን ልጅ መስኮት ታንኳኳለህ፣ ባርኔጣህን ታወልቃለህ፣ "ኳሷ ገብታ ነበር። ተሳስቻለሁ" ትላለህ። ከዚያ ውጭ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድም፤ ምክንያት ማቅረብማ ጭራሽ።

አንዴ ኤፍራይን የሚባል ኮሎምቢያዊ ልጅ ነበረን፣ ምላሱ ከራኬቱ የሚፈጥን። ምልክቷ ስትገኝበት የእንግዶቹ ባስ ሄዷል። ኤፍራይን ፊቱ በራ፤ "በቃ ኮች፣ ሄዱ! ምን ይደረጋል!" አለ። ኮች የሚኒባሷን ቁልፍ አወጡ። "ግባ" አሉት። አርባ ማይል ተከትለናቸው ሃምበርገር ቤት ቆመው አገኘናቸው።

"ባሱ ባዶ ነው ኮች" አለ ኤፍራይን፣ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

"ሃምበርገር ቤቱ መስኮት የለውም?"

ሄዶ አንኳኳ። ልጁ አፉ ሙሉ እንደ ሆነ ወጣ፤ ሲሰማው ቆይቶ፣ "የትኛዋ ኳስ?" አለ። እሱ ረስቶታል! ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስቀን ሆዳችን ታመመ፤ ኮች ብቻ አልሳቁም። ኤፍራይን ዛሬ ቦጎታ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነው። በየገናው ካርድ ይልካል፣ ከሥሩም "ኳሷ ገብታ ነበር" ብሎ ይፈርማል።

እኔን ባስ ድረስ ልከውኝ አያውቁም። ልማዱ የተጀመረው በ1985 ነው፤ እኔ ከተመረቅኩ በኋላ። ለምን ያን ዓመት እንደ ተጀመረ አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። በ1983 መጨረሻ፣ በገና በዓል ሰሞን፣ የኮሌጁ ዲን ኮችን ጠርተው፣ "ቴኒስ ምን አስገኘልን? ዘንድሮ ዋንጫ ካልመጣ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ይሆናል" ብለዋቸው ነበር። ሁላችንም ሰምተናል። በ1984 ሚያዝያ ላይ ለዋንጫው ከማርደን ኮሌጅ ጋር በሜዳችን ገጠምን። ዘጠኝ ግጥሚያ ነው፤ ዝናብ ስለተፈራ ጥንዶቹ በጠዋት ተጫውተዋል፣ ነጠላዎቹ ከሰዓት። አራት ለአራት ሆንን። የቀረው አንድ ሜዳ ብቻ፣ ስድስተኛው። አስቡት፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሜዳ ዙሪያ ሁለት ኮሌጅ ቆሟል።

ተጋጣሚዬ ካልቪን ስትራውድ ይባላል። ቀይ ጸጉር፣ የበሬ ትከሻ፣ የገበሬ ልጅ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ አምስት ለአራት መራሁ፣ ሰርቩም፣ ኳስ መጀመሩ፣ የኔ ነበር። ከእኩል ሁለት ነጥብ ያከታተለ ጌሙን ይወስዳል፤ እኩል ሆንን፣ በለጥኩት፣ እኩል ሆንን፣ ደግሞ በለጥኩት። አንድ ነጥብ ብቻ ቀረኝ። ስትራውድ በግራዬ በኩል ባለው የጎን መስመር ኳሷን ለቀቃት፤ ዘልዬ አልደረስኩባትም።

"አውት!" አልኩ።

ሰዉ ጮኸ። ዞር ብዬ አጥሩ ጋ የቆሙትን ኮችን አየኋቸው። ስትራውድ ወደ መረቡ መጣ።

"እርግጠኛ ነህ?"

ወደ መስመሩ ሄድኩ፣ ምልክቷን አገኘሁ፣ በራኬቴ ጫፍ ከበብኳት። ከመስመሩ አንድ ጣት ታህል ወጥታለች። "ያቻት" አልኩት። ከመረቡ ማዶ ሆኖ አንገቱን አስግጎ አያት፤ ወደ ሌላው ሰው ሜዳ መሻገር ነውር ነው። "እሺ" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

በሕይወቴ አንድ ቀን ሰው ትከሻ ላይ ወጥቻለሁ፤ ያን ቀን። ልጆቹ ተሸክመውኝ ሜዳውን ሲዞሩ ኮች አጠገባችን አልነበሩም። ብሩሹን አንስተው ስድስተኛውን ሜዳ ይጠርጉ ነበር። እንባቸውን እንዳናይ ነው አልን። ፎቶውም እንዲሁ ነው የወጣው፤ እኛ ከፊት ዋንጫውን ይዘን ጥርሳችን ሁሉ ተገልጦ፣ ከኋላ በሩቅ ኮች ጀርባቸውን ሰጥተው ብሩሽ ሲጎትቱ። ፎቶው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለ። ሜዳው መኪና ማቆሚያ ሳይሆን ቀረ፣ ኮችም ሃያ ስምንት ዓመት ጨመሩ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው በዚያች ኳስ ነው። እኔም እንደዚያው። ልጅ የወለድኩት፣ ቤት የሠራሁት እዚሁ ነው፤ ሰው ሲያስተዋውቀኝ "ያቺን ነጥብ ያገባው ዴኒ" ብሎ ነው።

ኮች በ2012 ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔል በዚያው ክረምት አረፉ። በዓመቱ ኮሌጁ የአፈር ሜዳዎቹን አንስቶ ሲሚንቶ ሊያደርጋቸውና በሳቸው ስም ሊሰይማቸው ወሰነ። በዓሉ ቅዳሜ ነው፣ ንግግር አድራጊው እኔ ነኝ፣ ማፍረሻው ማሽን ከወዲሁ መጥቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሐሙስ ከሰዓት ደወሉልኝ።

"ና ውሰደኝ። ሜዳዬን ለመጨረሻ ጊዜ ልጥረግ።"

ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደክሟል፣ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። ብሩሹን ላግዝዎ ብል እምቢ አሉ። ግማሹን እንደ ጠረጉ፣ በግራ በኩል፣ የጎን መስመሩ አጠገብ ቆሙ። በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረጉ።

"እዚህ ጋ ነበረች።"

"ምኗ?"

"የስትራውድ ኳስ።"

ሣቅሁ። "ኮች፣ እሷማ ወደዚህ ነበረች፣ ውጭ። እኔ አይደለሁ እንዴ የከበብኳት?"

"አንተ የከበብካት ከዚያ በፊት የወጣችዋን ነው፣ ሁለት ነጥብ ቀድማ። አጥሩ ጋ ቆሜ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። የመጨረሻዋ የመስመሩን ግማሽ ነክታለች። ገብታ ነበር ዴኒ።"

የአፈር ሜዳ ክፉ ነገሩ ይኸው ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደረስ መሬቱ በምልክት ይሞላል፤ የትኛዋ የቷ እንደ ሆነች የሚያውቅ ዓይኑን ከቦታው ያልነቀለ ብቻ ነው። እኔ ዓይኔን ነቅያለሁ። አውት ብዬ ዞር ብዬ እሳቸውን አይቻለሁ፤ ደስ ብሏቸው እንደ ሆነ ለማየት። ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሸሁም፣ ይህን እምላለሁ። ግን ዓይን የፈለገውን ያያል፤ የኔም ከመጀመሪያው የፈለገውን ነው ያየው።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ሰዉ አንተን ሲሸከም እኔ ምልክቷ ላይ ቆሜ ነበር። አየኋት። ብሩሹን አነሳሁና ጠረግኋት።" ምርኩዛቸውን መስመሩ ላይ ተከሉ። "ለሜዳው ስል፣ ለእናንተ ስል ነው ብል ደስ ባለኝ። ፈርቼ ነው። ቀኑን ሙሉ አልጀብራ ማስተማርን ፈራሁ።"

ደሜ ፈላ። ለኮች በርዴት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩባቸው።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከያዙት አይዙትም ነበር? ለምን ይነግሩኛል? ሌላ ምን አለኝ እኔ? ስድስተኛ ነበርኩ እኮ! ያለችኝ አንዲት ነጥብ ናት!"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞ ብትገባስ? እኩል ነው የምንሆነው እንጂ አልሸነፍም። ማሸነፍ እችል ነበር!"

"ትችል ነበር" አሉ። "እሱን ነው የወሰድኩብህ። ከሁለታችሁም።"

አጥሩ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ስትራውድ ከማርደን መውጫ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ የኮክ መሸጫ አለው። እሳቸው በየሐምሌው ይሄዳሉ። ከመኪና የሚወርዱት፣ የሚገዙት፣ የሚከፍሉት ወይዘሮ ኔል ናቸው፤ ኮች ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። ሃያ ስንት ዓመት! ያን ሁሉ ኮክ እኔም በልቻለሁ።

"ቅዳሜ ስሜን ድንጋይ ላይ ሊጽፉት ነው" አሉ። "ያን ሁሉ ልጅ ባስ ድረስ ልኬ እኔ አልሄድኩም። ነገ ውሰደኝ።"

ልክድ አልችልም፣ አልወስድዎትም ለማለት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። አርብ ጠዋት ቤታቸው ስደርስ ግን ከረባት አስረው በረንዳ ላይ ቆመዋል፤ በሚያዝያ ሙቀት ከረባት! መንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ "ለውዝ ልግዛ?" አልኳቸው፣ "ስንመለስ ይሻላል" አሉኝ።

የኮኩ ወቅት ገና ስለሆነ መሸጫው ባዶ ነው። ስትራውድ ግን ነበር፤ ፒክአፑ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ሳንድዊች ይበላል። ቀይ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ያው ነው። በሩን ከፍቼ ልወርድ ስል ኮች ክንዴን ያዙኝ።

"አንተ ቁጭ በል።"

"የከበብኳት እኔ ነኝ እኮ።"

"አንተ ተሳሳትክ። እኔ አይቼ ጠረግኋት። መጀመሪያ እኔ ነኝ።"

ወረዱ። ከመኪናችን እስከ ፒክአፑ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለሳቸው ግን ረጅም መንገድ ነበር፣ ሁለቴ ቆመው ተነፈሱ። ሮጬ ልደግፋቸው ፈልጌ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። ደረሱ። መስታወቱን አንኳኩ። ስትራውድ ሳንድዊቹን አስቀምጦ መስኮቱን አወረደ። ኮች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያ ነጭ ግንባራቸው ጸሐይ ላይ ወጣ።

"ኳሷ ገብታ ነበር" አሉ። "አይቻት ጠረግኋት። ተሳስቻለሁ።"

ስትራውድ የትኛዋ ኳስ አላለም። ወደ ፊታቸው ጠጋ ብሎ አያቸው፤ እኔ የመኪናችንን በር ክፍት አድርጌ እሰማለሁ።

"በየዓመቱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አይዎታለሁ" አለ በመጨረሻ። "ወይዘሮ ኔል ኮኩን ሲመርጡ እኔ እርስዎን ነው የማየው። ዘንድሮ ይወርዳሉ እላለሁ። አይወርዱም። በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳሉ እላለሁ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ኳሷን የመታኋት እኔ ነኝ እኮ። ሄጄ መስኮትዎን ላንኳኳ አስቤ ነበር፤ ግን ተራው የኔ አይደለም ብዬ ተውኩት።" በሩን ከፍቶ ወረደና ክንዳቸውን ያዘ። "ይቀመጡ በሉ፣ ላብ በላብ ሆነዋል።"

ያኔ ነው እኔም የወረድኩት። ቆቤን አወለቅሁ። ቃሉን ለስንት ልጅ አስጠንቻለሁ፤ ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነው። "ኳሷ ገብታ ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ስትራውድ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ።

"ወፍረሃል" አለ።

"አንተስ?"

"እኔ ድሮም ወፍራም ነበርኩ።" ከዚያ ፈገግ አለ። "እንግዲያው እኩል ነን ማለት ነው አይደል? ያ ሜዳ እስካሁን አለ?"

"እስከ ሰኞ።"

ቅዳሜ መቶ የሚሆን ሰው መጣ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ተናገሩ። የኔ ተራ ሲደርስ የጻፍኩትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ "ኮች ራሳቸው የሚሉት አላቸው" ብዬ ተቀመጥኩ። ኮች ቆመው ነገሩን በአምስት አረፍተ ነገር ጨረሱት፤ ምክንያት አላቀረቡም። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ የኔ ዘመን ልጆች እኔን ያዩኛል፤ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ኮች ቀጥለው፣ "ስሜን መጻፍ አለመጻፍ የናንተ ነው። አሁን ግን ያልተጨረሰ ጌም አለ" አሉ።

ስትራውድ ከኋላ ወንበር ተነሳ፣ በተውሶ ራኬት። ሰዉ ሁሉ ወደ ስድስተኛው ሜዳ ተከተለን። ካቆምንበት፣ ከእኩል ጀምረን፣ ሰርቭ አደረግሁ። የመጀመሪያዋን ነጥብ መረቡ ላይ ሰቅዬ ሰጠሁት። ሁለተኛዋን ተመላለስናት፣ እሱ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እኔ ትንፋሼ አልቋል፣ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። በመጨረሻ በግራዬ በኩል፣ ያቺው መስመር ጋ ለቀቃት። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልነቀልኩም። የመስመሩን ጠርዝ ላሰች።

"ገብታለች!" አልኩ፣ እስከ ጂምናዚየሙ በሚሰማ ድምፅ።

ጌሙ የሱ ሆነ፤ አምስት ለአምስት። ከዚያ በላይ መጫወት ሁለታችንም አቃተን፤ ግጥሚያው እስከ ዛሬ አላለቀም። ያችን ነጥቤን አጥቻለሁ፣ አሁንም አንዳንዴ ይቆጨኛል። ግን መረቡ ላይ የስትራውድን እጅ ስጨብጥ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሰዉ ሲበተን እንደ ልማዴ አፈገፈግሁ፤ ኮች ይጠርጉ ዘንድ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ሜዳውን ያያሉ። የእግራችን ዱካ፣ የኳሷ ምልክት፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ብሩሹን አንስቼ አቀበልኳቸው።

"መልሰህ ስቀለው" አሉኝ። "ማየት የፈለገ ይይ።"